ግመል ነው አሉ

ከዚራ ነው ቤቴ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣
መስኮቱ ወደ ለገሃር፣ በሩ ወደ ኋላ።
ቅዳሜ ከቀትር፣ ፀሐይ ጣራ ስትልስ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ማራገቢያው ሲያለቅስ፣
ጋሽ ኢብሳ ይመጣል ሽርጡን አሸርጦ፣
የሸማንደፈር ኮፍያውን በብብቱ ሸጉጦ።
ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ አያወራ፣ አይስቅ፤
እኔ ከሰሌን ስሞርድ፣ እሱ ዓይኑን ሲያርቅ።

«አጥንቱን ካወቅሽ ፊት ቀላል ነው» ያለኝ አስተማሪ
ድሬን አያውቃትም።
ፊት እንደ ደቻቱ ነው፤ ዓመቱን አሸዋ ይመስላል፣
ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይለጋበታል፣
ዝናቡ ግን ሌላ ቦታ፣ ከተራራው ማዶ ይጥላል፤
እዚህ ሳትወርድ ጠብታ
ጎርፉ ይደርሳል ማታ።

ዓይኑን ሳልኩ፤ ሆነልኝ። የጆሮው እጥፋት፣
ጉንጩ ላይ ያለች ጠባሳ፣ የአገጩ ስብራት፣
ሁሉም በየቦታው በሰላም ገባልኝ፤
ቀኝ እጁ ብቻ ነው አሻፈረኝ ያለኝ።
እሱ ጭኑ ላይ ዘርግቶታል፤ እያየሁት፣
ወረቀቴ ላይ ግን ተጨብጦ አገኘሁት።
በዳቦ ልብ ጠረግሁት፣ እንደገና ሳልኩ፤
እንደገና ተጨበጠ። ወረቀት ቀየርኩ።
በአራተኛው ክርኑም ተከተለ፣
የሌለ ብረት ወደ ደረቱ እየሳበ ዋለ።
የእኔ እጅ ነው ያበደው፣ ወይስ የእሱ እጅ የማለ?

ስድስተኛውን አየና ላቡን ጠረገ፤
«ፍሬኑ ነው» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌሊት ነው። ከአይሻ ወዲህ። ዕቃ ነው የጫንነው።
መብራቱ ውስጥ አንድ ነገር ቆመ፤ ቀጭን፣ ረጅም።
ሳብኩ።
ባቡር ስለሳብሽው አይቆምም፣ ልጄ፤ ትለምኚዋለሽ።
ሲቆም ረዳቴ ፋኖስ ይዞ ወረደ።
እኔ አልወረድኩም።
ተመልሶ ወጣና ‹ግመል ነው› አለኝ።
ጣቢያም ላይ ግመል ነው አሉ።
መዝገቡ ላይ ግመል ተብሎ ተጻፈ፣ የግመል ዋጋ ተከፈለ፤
ለማን እንደተከፈለ አልጠየቅኩም።
ጠዋት ሞተሩ ሲታጠብ
ከመንኮራኩሩ ሥር አንድ የጎማ ሸበጥ ወጣ።
ሸበጥ መቼስ ሐዲድ ላይ ይወድቃል፣ አልኩ።
ሰላሳ ሁለት ዓመት ይህንኑ አልኩ።»

ማራገቢያው ዞረ። ውጭ ባጃጅ አለፈ።
ጋሽ ኢብሳ በጣቱ የዱካውን ጠርዝ ላጠ፣ ገፈፈ።
«ስወርድ አድርገሽ ብትስዪኝ?» አለኝ።

ሳልኩት። ዘይት የጠገበ ደረጃ፣ የጢስ ጥላሸት፣
ፋኖስ በግራው፣ ዙሪያውን ሌሊት፤
አንድ እግሩ ብረቱ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ።
ቀኙም ተፈታ፤ አምስቱ ጣት ለየብቻ ታየ፣
ያን ሁሉ ቅዳሜ እምቢ ያለኝ እጅ ከእጀታው ተለየ።
ከብርሃኑ ጫፍ ወዲያ ግን፣ እመሬቱ ዘንድ፣
ጭረት አላሳረፍኩም፣ ነጠብጣብ እንኳ አንድ።
ግመል ብሠራ ማባበል፣ ሰው ብሠራ መፍረድ፤
ከሰል ምን አየ? የግራር ቅሪት ነው፣ ያኔ ያልነበረ፤
ቦታው እንደነጣ ቀረ።

(መሳቢያዬ ውስጥ የራሴ መልክ አለ፤ አፉን በዳቦ
ስጠርግ፣ ስጠርግ፣ ወረቀቱ ተበስቷል።
ለጋሽ ኢብሳ አላሳየሁትም።)

ዛሬም ቅዳሜ ይመጣል። ዱካውን ትቶታል፤
ሥዕሉ ፊት ይቆማል፣
ፎቶ ቤት ደረሰኝ ይዞ እንደሚጠብቅ ሰው።
«እስካሁን አልወጣም?» ይለኛል፣ ባዶውን እያየው።
«አልወጣም።»
«እግሩን መሬት ላስነካው?» እላለሁ ከሰል አንስቼ።
«ቆይ» ይላል፣ «ትንሽ ቆይ»፤
ቀኝ እጁን፣ ሳያውቀው፣
ቀስ አድርጎ
ወደ ደረቱ ይስበዋል።